ካሜራ አንሺ

ውሸቴ የጀመረችው በእውነት ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም። ጭራሽ ሐሰት ብትሆን ኖሮ እንደ እኔ ያለ ፈሪ ሰው ሳምንት እንኳ አይዘልቅባትም ነበር። ግማሽ እውነት ስለነበረች ነው ተደላድዬ ዓመታት የኖርኩባት።

ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ኢቶቢኮ ውስጥ አንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁ። መጋዘኑ ለፊልም ሠሪዎች ካሜራ፣ መብራትና ገመድ ያከራያል። ጥቂት ወራት ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ከቆየሁ በኋላ ወደ ቀረጻ ቦታ ከሚሄደው የጭነት መኪና ጋር ላኩኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ሥራዬ የካሜራ ሣጥኖቹን ከመኪናው አውርዶ ቀረጻው ወዳለበት መሸከም፣ ሲያበቃ ደግሞ መልሶ መጫን ነው። አንዳንዱ ሣጥን ሁለት ሰው የሚፈልግ ነበር። እኔ ብቻዬን አነሳዋለሁ፤ በዚያም እኮራ ነበር።

አንድ እሑድ፣ በአማርኛ የምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ከአምልኮ በኋላ ሻይ እየጠጣን ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ልጄ፣ ሥራ አገኘህ አሉኝ፤ ተመስገን ነው። ምንድነው የምትሠራው?" አሉኝ።

"የአሜሪካ ፊልም ላይ ካሜራ አነሳለሁ" አልኳቸው።

በእኛ ቋንቋ ፎቶ ይነሳል፣ ፊልም ይነሳል፣ ጆንያም ይነሳል። እኔ የተናገርኩት የጆንያውን ነው። እሳቸው የሰሙት የፎቶውን ነው። ፊታቸው በራ። ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ዞረው "ሰማችሁ? ይሄ ልጃችን እኮ የአሜሪካ ፊልም የሚያነሳ ነው" አሉ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

አንድ ቃል ብጨምር ሁላችንም ስቀን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አመላላሽ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሰዎች የሚያዩት የያዝኩትን ፋይል እንጂ እኔን አልነበረም። አሁን አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው እኔን አየኝ። ሻዬን ፉት አልኩ።

ባለቤቴ እዚያው ነበረች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ብዙ አትናገርም። ቤታችን ወዳለበት ወደ ኢስት ዮርክ ስንመለስ መኪናው ውስጥ "ለምን አልነገርካቸውም?" አለችኝ።

"ምኑን? ካሜራ አላነሳም እንዴ?"

"የምልህ ገብቶሃል" አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ገብቶኝ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ክረምት ሲያበቃ እየመጣ ቶሮንቶ ውስጥ የሚቀርጽ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ስድሳዎቹን የጀመረ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ቀጭን ሰው ነው። ካሜራው የት ይቁም፣ መብራቱ በየት ይምጣ፣ ፊት እንዴት ይታይ የሚለውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ታሪኩ ኒውዮርክ ውስጥ የሚሆን ፊልም ቶሮንቶ ይቀረጻል። መንገዱ ላይ የአሜሪካ የፖስታ ሣጥን እንተክላለን፣ ከተማው ለኒውዮርክ ንጹሕ ሆኖ ሲያስቸግር ቆሻሻ በከረጢት አምጥተን እንበትናለን፣ ስንጨርስ እኛው እንለቅመዋለን። ሰውየው ቆሻሻውን እንኳ ቆሞ ይመርጥ ነበር። ይቺ ጋዜጣ ታበራለች፣ አንሱልኝ ይላል።

ምሳ የሚበላው ከእኛ ከተሸካሚዎቹ ጋር ነው። እግሩን ሣጥን ላይ ሰቅሎ የሥራ ታሪኩን እየቆራረሰ ያወራናል። ሥራ የጀመረው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች ቀዶ ጥገና በመቅረጽ ነበር። ደም ስለሚያዞረው አንዱን ዓይኑን ካሜራው ላይ አድርጎ ሌላውን ጨፍኖ፣ በልቡ እየቆጠረ ነው አሉ የሚቀርጸው። ቀጥሎ ለዜና የእሳት አደጋ መኪና እየተከተለ የሚቃጠል ቤት ቀረጸ። ከዚያ ስድስት ዓመት የውሻ ምግብ ማስታወቂያ። ከዚያ ሠሪዎቹ እንኳ ያላዩዋቸው አስፈሪ ፊልሞች። ዕድሜው አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ዳይሬክተር አመነውና ትልቅ ፊልም ሰጠው፣ ተሸለመ። ከሽልማቱ በኋላ መጠጥ አፈረሰው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩ አልጮኸም። ቶሮንቶ መምጣት የጀመረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚያምነው ሲጠፋ ነው። ይህን ሁሉ ሳንድዊቹን እያኘከ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል፣ ምንም ሳያፍር ይናገራል።

እኔ ታሪኩን እየበለትኩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። መጀመሪያ "አንድ የማውቀው ሰው" እል ነበር። ከዚያ "እኛ" ማለት ጀመርኩ። ከዚያ "እኔ" አልኩ። ቀዶ ጥገናው የኔ ሆነ፤ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ እየቆጠርኩ እንዴት እንደቀረጽኩ ስናገር እህቶች አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ቃጠሎውም የኔ ሆነ። ሽልማቱን ሙሉ በሙሉ ለመውሰድ ስላልደፈርኩ "ቡድናችን ተሸልሟል" እል ነበር። የውሻ ምግቡን ተውኩለት። መጠጡንም ተውኩለት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጠጥ ታሪክ አይወራም። የሙያው ቃላትም አልቀሩኝም። የቀረጻ ቦታ በእንግሊዝኛ "ሴት" ይባላል፤ ለፓስተራችን አንድ ጊዜ "ሰኞ ጠዋት ሴት ላይ ነበርኩ" ካልኳቸው በኋላ ግን ያንን ቃል ደግሜ አልተጠቀምኩበትም።

ያልወሰድኩት ሌላ ታሪክም አለ። አንድ ቀን ግማሽ ቀን የፈጀ ቀረጻ ተጠናቆ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ ሰው ጓንቱን አውልቆ ሊበተን ሲል አሜሪካዊው የተቀረጸውን ከሚያይበት ማሳያ ፊት ተነሳ። "የተዋናይዋ ፊት ጨልሟል" አለ። ዳይሬክተሩ "ይሁን፣ ግድ የለም" አለው። ሰውየው ግን "ስህተቱ የእኔ ነው፤ እንደገና እንሥራው" አለ። ሰማንያ የሚሆን ሰው ቆሞ ይሰማዋል። እኔ ሣጥኖቹን መልሼ ሳወርድ ረገምኩት። ለቤተ ክርስቲያን አላወራሁትም፤ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

አባባና ባለቤታቸው ሪጀንት ፓርክ ውስጥ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸውን እማማ እንላቸዋለን። አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለቻቸው፤ አዲስ አበባ ቀርታለች። ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። እናትና ልጅ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። እማማ ታመሙ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ፣ የሚወዱት ሰው አጠገባቸው ይሁን አሉ። ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ አመለከተች፤ እንደማይደርስላት ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ኢንተርኔት እንኳን መልክ ድምፅም በቅጡ አያሻግርም።

አባባ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ቢዚ እንደሆንክ አውቃለሁ" አሉኝ። "እማማህ ለልጇ መልእክት መተው ትፈልጋለች። ልጅቷ 'ፊቷን ልየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም' ብላ ታለቅሳለች። አንተ እንደዚያ ያለ ትልልቅ ፊልም የምታነሳ፣ ይቺን አትነፍገንም።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ከዚህም የሚቀል ነገር ነበረ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ወንድም አለ። ካሜራው ላይ ሰው የምታጥበረብር አምፖል ሰክቶ ሙሽሮቹን የሚያሳድድ፣ ብዙ የሳቅንበት ሰው ነው። እሑድ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን ካሜራ ከእሱ ስቀበል "ላይት ይዤ ልምጣልህ እንዴ? የእነሱን አፓርትመንት አውቀዋለሁ፣ ዳርክ ነው" አለኝ። "ወንድሜ፣ ሰርግ አይደለም" አልኩት። ሰው እየሰማ ነው ያልኩት። አፈረ፤ የካሜራውን ቦርሳ ሰጠኝና ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴና እኔ ሄድን። እማማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ ጠበቁን። ክፍሉን ዞርኩት። በሁለት እጄ ጣቶች አራት ማዕዘን ሠርቼ በውስጡ አየሁ፤ አሜሪካዊው እንደዚያ ያደርጋል። በቀረጻ ቦታ ሰው መስኮት ፊት ሲቀመጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሲያምር አውቃለሁ። ከፊት ለፊት ያንን መስኮት የሚያሸንፍ ትልቅ መብራት እንደሚቆም ማየቴስ መች ቀረ፤ መብራቱን ተሸክሜ የማመጣው እኔው ነኝ። ለምን እንደሚቆም ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ወንበራቸውን ገፍቼ ትልቁ መስኮት ፊት፣ ጀርባቸውን ለብርሃኑ አደረግኩት። ውጪ የድሮዎቹን ሕንጻዎች አፍርሰው አዲስ ይሠራሉ፤ ክሬን ቆሟል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ እማማ፣ "ፀሐዩስ ጀርባዬን አሞቀኝ። ግን እንዲህ ሆኜ ፊቴ ይታያታል?"

"አያስቡ እማማ" አልኳቸው። "እኔ አለሁ አይደል።"

ከዚያ አባባንና ባለቤቴን ከክፍሉ አስወጣኋቸው። ቀረጻ ላይ ፀጥታ ያስፈልጋል ብዬ። አባባ በገዛ ቤታቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። በሩን ዘጋሁት።

እማማ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ ከካሜራው ጎን የምትወጣዋን ትንሽ ማሳያ እመለከታለሁ። ማሳያዋ ላይ ጥቁር ብለው ነው የሚታዩት። የዚህች ካሜራ ማሳያ ደካማ ነው አልኩ ለራሴ። በኋላ ይስተካከላል አልኩ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ። ሲጨርሱ "በቃኝ ልጄ፣ ደከመኝ" አሉ። እጃቸውን ሳምኩና በሩን ከፈትኩ።

ማታ ቤቴ ካሴቱን ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። ነጠላቸው ያበራል። ነጠላው ውስጥ ፊት የለም። አፍ የለም፣ ዓይን የለም፣ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ከኋላቸው ያለው ክሬን ግን ኩልል ብሎ ወጥቷል፤ ላዩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ቆብ ቢጫ መሆኑ ሳይቀር ይታያል። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየች።

"ነገ ተመልሰህ ሂድ" አለችኝ። "ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። ሌላ ምንም አይፈልግም።"

"እሺ" አልኩ።

እሑድ አልሄድኩም። ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። ሰኞ ሥራ ነበር። ማክሰኞ በጎረቤታችን ኮምፒውተር ምስሉን ላብራው ብዬ ስታገል ፊታቸው አመድ የነሰነሱበት መሰለ፤ ተውኩት። ረቡዕ ካሴቱን በኪሴ ይዤ ቀረጻ ቦታ ሄድኩ። አሜሪካዊው ምሳውን እየበላ ነበር። የሚሆን ነገር ካለ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ከባለቤቴና ከተሸካሚ ጓደኞቼ ሌላ ቶሮንቶ ውስጥ ማንነቴን በትክክል የሚያውቅ፣ ያልዋሸሁት ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ለእሱ ካሜራ ተሸካሚ ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለት ጊዜም ሣጥኑ የት ይቀመጥ ብዬ ጠየቅሁት።

አባባ ይደውሉ ነበር። "ልጄ፣ ደረሰልን?"

"ኤዲት እያደረግኩት ነው አባባ። ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።"

"እማማህም ትጠይቃለች። 'አታጣድፉት፣ ባለሙያ ነው' ትለኛለች።"

ይህን ሲሉኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እማማ ገና በሕይወት ነበሩ። በአውቶቡስ እንኳ ብሄድ ግማሽ ሰዓት ነው። "ተሳስቻለሁ፣ ካሜራ አልችልም፣ እንደገና ይናገሩልኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከመናገር የእማማን የመጨረሻ ቀናት ማባከን መረጥኩ። ብዙ ጊዜ ራሴን ለመረዳት ሞክሬያለሁ፤ የማገኘው መልስ ግን ይኸው ነው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ከሥራ ደወለችልኝና እማማ ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው እየመጣ እጄን ይጨብጠኝ ነበር። "አንተ እንኳ ቀርጸህ አስቀረሃቸው" ይሉኛል። ሰርግ የሚቀርጸው ወንድም ሳይቀር አቅፎኝ "እንኳን አንተ ሆንክ" አለኝ። ካሴቱን እንደነበረ ሁለት ዲቪዲ ላይ ገልብጬ ለአባባ ሰጠኋቸው። አንዱን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝተው ላኩት። እሳቸው ራሳቸው ገና ልባቸው ስላልቻለ አላዩትም ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ከአምልኮ መልስ አባባ ለምሳ ጠሩን። ከምሳ በኋላ ዲቪዲውን እንዳዩት ነገሩኝ። ጉዴ ሊወጣ ነው፣ ተመስገን፣ ይውጣ አልኩ በልቤ። እንደዚያ ያልኩት ከልቤ ነው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "መጀመሪያ ደነገጥኩ። ፊቷ የታለ ብዬ ተናደድኩብህም። በኋላ ተቀምጬ ሳስበው ገባኝ። በመጨረሻ ምን መስላ እንደነበር አንተም አይተሃታል። አጥንቷ ወጥቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ። ልጅቷ ያንን እንዳታይ አውቀህ ነው የሸፈንክላት። እኔ አባቷ ሆኜ ያላሰብኩትን አሰብክ። ጌታ ይባርክህ።"

ባለቤቴ ሰሃን ይዛ ቆማለች።

"አሜን" አልኩ።

ሰሃኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አባባ ግን አልጨረሱም። "ልጅቷ አልገባትም፤ ታለቅሳለች። አሁን ኮል ታደርጋለች፣ አንተው አስረዳት" አሉኝ። ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ለሁላችን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ" አለች። የእማማን አነጋገር ነው የምትናገረው። "ስለ ድካምህ አመሰግንሃለሁ። አባዬ አውቆ ነው ይለኛል። እንዴት ነው?"

እውነቱን ለመናገር ያኔም በር ክፍት ነበር። እኔ ግን ከአንድ ምሳ ላይ የሰማሁትን አወጣሁ። አሜሪካዊው ስለ አንድ ተዋናይ ሲናገር፣ ፊት ሁሉ መታየት የለበትም፣ ተመልካቹ ያላየውን ከራሱ አምጥቶ ይሞላዋል ብሎ ነበር። ያንን ወደ አማርኛ መለስኩት። "እህቴ፣ በእኛ ሙያ ጨለማም ብርሃን ነው" አልኳት። "እናትሽን በሽታው ባበላሸው ፊት እንድታስታውሺ አልፈለግሁም። ያኔ ስትለያዩ የነበራቸውን ፊት አንቺ ራስሽ እንድትሞዪው ነው።" ደህና አድርጌ ተናገርኩ። እንደዚያ አሳምሬ የተናገርኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ እንባቸውን ጠረጉ።

"እሺ" አለች ልጅቷ። "ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሁለት ቦታ ላይ ረጅም ዝም ትላለች። አንዱ ስሜን ከጠራች በኋላ ነው፤ አንዱ ደግሞ ልትጨርስ ስትል ነው። አባዬ እኔ ውጪ ነበርኩ ይለኛል። አንተ ብቻ ነህ ያየሃት። እዚያ ጋ ምን ትሆን ነበር? ታለቅስ ነበር?"

ሁለቱንም ዝምታ አስታውሳቸዋለሁ። በመጀመሪያው የካሜራውን ባትሪ ምልክት እያየሁ ነበር። በሁለተኛው በዳንዳስ መንገድ የሚያልፈው ትራም ድምፅ ገባብኝ ብዬ ወደ በሩ ዞሬ ነበር። በቀረው ጊዜ ዓይኔ ፊት የሌለባት ትንሽ ማሳያ ላይ ነበር። እማማ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ባለቤቴ ታየኛለች። አባባም ያዩኛል።

"አይ፣ አያለቅሱም ነበር" አልኳት። "ይስቁ ነበር።"

"ሁለቱንም ጊዜ?" አለችኝ።

"ሁለቱንም ጊዜ" አልኳት።